አርባ አንድ ዘይቱን

የሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈናል። ጉሙ እስከ ሦስት ሰዓት አይነሳም፤ የተማሪዎቹ ጀልባ ግን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነጂ ሳይኖረው በራሱ ይመጣል፣ ልጆቹን ይጭናል፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ዳር ቆሜ የማየው ነገር የለም። የምሰማው ግን አለ። ከልጆቹ ደረት ላይ ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ይወጣል። «ለምን?» ይላል። አንዱ ልጅ ብስኩት ገዝቷል ማለት ነው። ወዲያው ከሌላ ደረት «ለምን?» ይመጣል። ልጆቹም ይመልሳሉ፤ አንዳንዱ እያዛጋ፣ አንዳንዱ ብስኩቱን እያኘከ። ድምፁ እየራቀ ይሄድና ውሃው ብቻ ይቀራል።

ኤልዳና እባላለሁ። ሥራዬ ኪስ መስፋት ነው። የሐዋሳን ግማሽ ተማሪ የደረት ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኪሱ በግራ በኩል፣ ከልብ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰፋል፤ ጨርቁ ስስ ነው፣ ውስጡ የሚቀመጠው የመክፈያ ካርድ በደንብ እንዲሰማ። አልፎ አልፎ አንዳንድ እናት ቀረብ ትልና «ትንሽ ወፈር ያለ ገበር ብታገቢበትስ?» ትለኛለች በሹክሹክታ። ያልሰማሁ መስዬ ሜትሬን አነሳለሁ። ልጅ አሳድግበታለሁ፤ በሥራዬ ላይ ቀልድ አላውቅም።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የማልወደው ሥራ ይመጣብኛል። ዓመቱን ሙሉ ለካርዱ የሰጡት ምክንያት ተነቦ ካርዳቸው የተዘጋባቸው ልጆች ዩኒፎርም በከረጢት ታስሮ ይመጣል። የእነሱን ኪስ ከላይ በግራጫ ክር እደፍነዋለሁ። አይነቀልም፣ ይደፈናል፤ ደንቡ ነው። ባለ ግራጫ ክር ልጅ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ውሃ እንኳ በራሱ አይገዛም። ሱቅ በር ላይ ይቆምና የሚያውቀው ትልቅ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ማንም አይሰድበውም፣ ማንም አይመታውም። ብቻ ልጆች ቡድን ሲመርጡ ስሙን የሚጠራው አይገኝም። ባለፈው ዓመት ሃያ ስድስት ኪስ ደፍኛለሁ። አንገቱ ላይ የተጻፈውን ስም ላለማየት ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፌ ነበር የምሰፋው።

ልጄ ትርሲት መስከረም ላይ ሰባት ዓመት ሞላትና የራሷን ካርድ ተቀበለች። ኪሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክሩን ሁለት ጊዜ መልሼበታለሁ።

የካርድ ቀን ወላጆች ሜዳው ላይ ተሰልፈን ቆምን። የገንዘብ ትምህርት የምታስተምራቸው መምህርት ፌቨን ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራች ካርዱን ኪሳቸው ውስጥ ከተተችላቸው። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካንና ፊኛ ነበር፤ ዋጋቸው እኩል ነው። ልጁ አንዱን ይመርጥና ካርዱ «ለምን?» ሲለው ይመልሳል። «ብርቱካን፤ ለጤናዬ» ያለው ልጅ ጠንካራ ምክንያት ተብሎ ተጨበጨበለት። «ፊኛ፤ ለእህቴ ልደት ላስቀምጠው» ያለችው ደግሞ ከሁሉም በለጠች። ትርሲት ቀዩን ፊኛ አነሳች። «ለምን?» አላት ደረቷ። አሰበች። ፊኛውን አየችው። «ቀይ ስለሆነ» አለች። ልል ምክንያት ተባለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ ሱቅ በር ላይ መሬት ለመሬት ተንከባልዬ ማስቲካ ግዙልኝ ብዬ አልቅሻለሁ። የዛሬ ልጅ እንደዚያ አያለቅስም። ያስባል፣ ይመልሳል፣ ያስቀምጣል። የትርሲት ክፍል ልጆች ሁሉ ከእኔ ይበልጥ ብር ያውቃሉ። አንድ ቀን ግን የኪስ ልኬት ልወስድ ከምሳ በኋላ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ትንንሾቹ የሚያርፉበት ክፍል መጋረጃው ወርዷል፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኗል፤ አርባ ልጅ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። በእንቅልፋቸው ያወራሉ። «እርሳሴ ስላለቀ።» «ለነገ።» «ለጤናዬ፣ ለጤናዬ።» ካርዶቹ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ማንም የጠየቀ የለም። ልጆቹ ግን ይመልሳሉ። ሜትሬን ይዤ በመካከላቸው በእግር ጣቴ ስራመድ ውሃ ውስጥ የምሄድ መሰለኝ። ከጥግ በኩል አንዱ «እኔ እንጃ» አለና ተገላበጠ። ማን እንደሆነ ለማየት አጎነበስኩ፤ ትርሲት ነበረች።

ቤት ውስጥ ደግሞ እቃቃ ይጫወታሉ፣ እሷና የጎረቤት ልጆች። በቆርኪ ወጥ ይሠራሉ። ጨዋታው እኛ እንደምናውቀው ነው፤ ትንሽ ብቻ ተጨምሮበታል።

«ውሃ ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ስለጠማኝ።»

«እንኪ።»

«ተመዝግቧል።»

ተመዝግቧል ማለት አመሰግናለሁ ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ማንም አልከለከለንም፣ አዋጅም አልወጣ። ድሮ ሰው ሲሰጠን እግዜር ይስጥልኝ እንል ነበር፤ ካርዶቹ መስማት ከጀመሩ በኋላ ግን እንዲህ ባልን ቁጥር «ማን ይስጥልሽ?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የሚሰጥበትን ቀን። ታክሲ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ሰው ሰለቸው። ተመዝግቧል ካልሽ ዝም ይላል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት፤ ዝምታው ደስ ይል ነበር።

ከጀልባው ማረፊያ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የአባባ ሀመሶ አጥር አለ። ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አሁን እሳቸውና አንዲት የዘይቱን ዛፍ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ከቅርንጫፏ ግማሹ ግቢያቸው ውስጥ ነው፣ ግማሹ መንገዱ ላይ። ጠዋት በርጩማቸውን አውጥተው ይቀመጡና ለሚያልፍ ልጅ ሁሉ አንዳንድ ዘይቱን ያድላሉ። ብር አይቀበሉም። የእሳቸው ካርድ ከአሮጌዎቹ ስለሆነ አይሰማም፣ አይናገርምም። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የሐይቅ ወፎች፣ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ሰብረው ያያሉ።

ልጆቹ ዘይቱኑን ተቀብለው «ተመዝግቧል» ይሏቸዋል። ካርዳቸው «ናሙና» ብሎ ያልፈዋል። አባባ ሀመሶ ግን ነገሩ አይገባቸውም። «ምኑ ነው የተመዘገበው?» ይላሉ በየቀኑ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሮጣሉ። አንድ ቀን ትርሲት ቆም አለች።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እኛ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ነበር የምንለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ አብሮ ይስጠን እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘይቱንሽን ትበያለሽ።»

ይህን ሁሉ ትርሲት በዚያው ቀን ነግራኛለች። እኔ መርፌ ላይ ክር እየሰካሁ ነበር። «እሺ፣ ጎበዝ» ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ባያት ኖሮ እላለሁ፤ ግን ባያትስ ምን እላት ነበር?

ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፸፩ ዓ.ም. ጥሪ መጣ። እንዲህ ይላል፦ ተማሪ ትርሲት አርባ አንድ ጊዜ ፍራፍሬ ተቀብላለች። ከፋይ፦ እግዜር። ከፋዩ አርባ አንድ ጊዜ ተጠይቆ አልመለሰም። አድራሻው አልተገኘም። ወላጅ ልጇን ይዛ ለንባብ ትቅረብ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ብቻዬን፣ የስፌት መኪናዬ ፊት እንደተቀመጥኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ የግራጫው ክር መሳቢያ ላይ አረፈና ሳቁ ቆመ።

መምህርት ፌቨን ጋ ሄድኩ። ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ ሰጠችኝ።

«ትርሲት ጎበዝ ናት» አለች። «ልል ምክንያት አለባት፣ እሱ ይሻሻላል። ይሄኛው ግን… በሌለ ከፋይ መቀበል ከሁሉም ከባዱ ነው። ንባቡን የሚያነቡት ሰዎች ልማድ ይሆናል ብለው ይፈራሉ።»

«ሕፃን ናት እኮ። የሰማችውን ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛ፣ ሰውየው የዘይቱኑን ዋጋ ይናገሩ፣ ትርሲት ትክፈል፣ ያልቃል። ካልሆነ ደግሞ አንባቢው ፊት ቆማ እንዲህ የሚባል ከፋይ የለም ትበል። የልጅ ጨዋታ ነበር ተብሎ ይሰረዛል።»

«ሁለቱም ካልሆነ?»

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ» አለች። ጃኬቴ ላይ የሰካሁትን መርፌ እያየች ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አባባ ሀመሶ ጋ ሄድኩ። እጃቸው ላይ አንድ የበሰለ ዘይቱን ይዘው ያሸታሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ከፋዩ አርባ አንድ ጊዜ ተጠይቆ አልመለሰም ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አባባ፣ አንድ ዋጋ ይጥሩልኝ። ለይስሙላ ነው። አንድ ብርም ቢሆን።»

«ሸጬ አላውቅም እኮ።»

«መሸጥ አይደለም። ቁጥር መጥራት ብቻ ነው።»

እውነት ለመናገር ሞከሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ዘይቱኑን አገላብጠው አዩት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ መልሰው አዩት።

«አንድ ብር ልበል…» አሉና ቆሙ። «አይ፣ አይሆንም። አንድ ብር ካልኩ እስከ ዛሬ የበሉት ልጆች ሁሉ ሳይከፍሉ የበሉ ሆኑ ማለት አይደል? የአንቺን ልጅ አዳንኩ ብዬ የስንቱን ኪስ ላስደፍን ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። መምህርት ፌቨንም ያሰበችው አልመሰለኝም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩ።

«የለም ትበል።»

«እንዴ፣ አባባ!»

«የለም ትበል፣ ልጄ። እሱ አይቀየምም።»

«ማን?»

«ከፋዩ ነዋ።»

የቀለዱ አልመሰለኝም። ተናደድኩባቸው። ቃሉን ያስተማሯት እሳቸው፣ ዛፏ ሥር በሰላም የሚቀመጡት እሳቸው፤ የምትቀጣው የእኔ ልጅ። ልሄድ ስነሳ የያዙትን ዘይቱን ዘረጉልኝ። ተቀበልኳቸውና ቆምኩ። ተመዝግቧል ማለት አቃተኝ፣ ሌላውንም ማለት አቃተኝ። ምንም ሳልል ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ሄድኩ። ቤት እስክደርስ ሽታው ጀልባውን ሞላው።

የንባቡ ቀን ከትርሲት ጋር የጠዋቱን ጀልባ ያዝን። ጉሙ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጣ ጫማዋ አይታየኝም።

«በይ እስቲ።»

«እግዜር የሚባል ከፋይ የለም።»

«ጮክ ብለሽ።»

«እግዜር የሚባል ከፋይ የለም።» ከዚያ «አባባ ሀመሶ ዋሽተውኛል ማለት ነው?» አለች።

«አልዋሹሽም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ፀጉሯን አስተካከልኩላት፣ ኮሌታዋን አስተካከልኩላት፣ ኪሷን ዳበስኩት። ከጉሙ ውስጥ የሆነ ልጅ ደረት «ለምን?» አለ።

የንባብ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ይከፈታል፤ የሚታየው ግን ነጭ ጉም ብቻ ስለነበር ሕንፃው ከመሬት የተነሳ ይመስል ነበር። አንባቢው አቶ በሪሁን ይባላሉ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ክራቫታቸው ትንሽ የተጣመመ ሰው ናቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ካርዱ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳውም ይሰማል። አቶ በሪሁን መነጽራቸውን አድርገው፣ ምንም ስሜት በሌለው ድምፅ፣ የልጄን ዓመት ያነቡ ጀመር።

«መስከረም ሃያ። ፊኛ። ቀይ ስለሆነ። ጥቅምት ሦስት። እርሳስ። የድሮው በጣም ስላጠረና ስላሳዘነኝ። ኅዳር ዘጠኝ። ዳቦ። ለአባ ኮዳው፤ አንድ እግሩን ስለሚያመው። ታኅሣሥ አንድ። ምንም አልገዛችም፤ ካርዱ ሳይጠይቃት፣ ደስ ስላለኝ ብላለች። ጥር አሥራ አራት። መርፌ። እማዬ በጨለማ ስትፈልግ ስላየኋት።»

መርፌውን አስታወስኩት። ጠረጴዛዬ ላይ አግኝቼው የራሴ መስሎኝ ነበር። ንባቡ ረጅም ነው፤ አቶ በሪሁን ገጽ ሲገልጡ መስኮቱን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ትርሲት እግሯን ታወዛውዛለች። የምታውቀውን ተረት እንደሚያነቡላት ታዳምጥ ነበር።

«ከመጋቢት ጀምሮ» አሉ። «ዘይቱን፣ አርባ አንድ። ከፋይ፣ እግዜር።» መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ትርሲት፣ ይህ ከፋይ ማን ነው?»

እኔን አየችኝ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ከፈትኩ፤ በይ ማለቴ ነው።

«እግዜር የሚባል ከፋይ የለም» አለች። ጮክ ብላ፣ እንዳስጠናኋት። ድምፅዋ ባዶው ክፍል ውስጥ ዞረ። አርባ አንድ ጊዜ ሞቅ አድርጋ ያለችውን አንድ ጊዜ አቀዘቀዘችው። እኔ ነኝ ያስደረግኳት። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«ተመዝግቧል» አሉ አቶ በሪሁን፤ ማህተሙን አነሱ። «ተሰርዟል። ካርዱ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል።»

ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ የግራጫውን ክር ጥቅልል በህልሜ ሳይ ከርሜያለሁ። ማህተሙ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ሲቀረው አፌ በራሱ ተከፈተ።

«እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩ።

ማህተሙ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ግድግዳው፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ «ማን ይስጥልሽ?» አለ።

ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት የተውኩት ቃል ነው። የት ተቀምጦ እንደቆየ እንጃ። እናቴ ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበረች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ስትለው ሰምቼ ነው ያደግሁት። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ዘግይቷል።

ትርሲት ከወንበሯ ወረደች። ፊቷ በራ።

«እማዬ፣ አለ እንዴ?»

አፌ አምልጦኝ ነው ብል ያልቅ ነበር። አቶ በሪሁንም ይህንኑ እንድል ሲጠብቁ አየሁ፤ ማህተሙን አላስቀመጡም። ሦስት ቃል ብቻ። ልጄ ኪሷ ክፍት ሆኖ ትወጣለች፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ ዳግመኛ ማንም ማንንም ማን ይስጥልሽ አይለውም። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሲሰጣት ምን እንደምትል አውቃለሁ። እኔ ስሰጣትም ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

«አለ» አልኳት።

ክሩ ያለበት መሳቢያ፣ መርፌው፣ የምሰፋበት ወንበር፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣብኝ። «ማን ይስጥልሽ?» አለ ግድግዳው እንደገና። ትርሲት መጥታ ቀሚሴን ያዘችኝ።

አቶ በሪሁን ማህተሙን ቀስ ብለው አስቀመጡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን በጣታቸው አሹ። ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ጉሙ መሳሳት ጀምሮ የጀልባ ማረፊያው ብረት ይታይ ነበር። ከዚያ፣ የረሱትን ስልክ ቁጥር ደፍሮ እንደሚናገር ሰው፣ «አብሮ ይስጠን» አሉ።

«ተባባሪ ተቀባይ፣ በሪሁን» አለ ግድግዳው። «ለምን?»

አልመለሱለትም። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እንደ መጀመሪያው ስሜት በሌለው ድምፅ ተናገሩ።

«ፋይሉ ውስጥ እኔም ገብቻለሁ። እኔ ያለሁበትን ፋይል እኔ መዝጋት አልችልም፤ ደንቡ ነው። በእንጥልጥል ይቆይና ወደ አራተኛ ፎቅ ይሄዳል። በእንጥልጥል ባለ ፋይል ካርድ አይዘጋም።» ጽፈው ሲጨርሱ ቀና አሉ። «አራተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በዕድሜ ከእኔም ይበልጣሉ። ሲጠሩሽ ማመስገን አትርሺ።»

አፋቸው አምልጧቸው ይሁን አውቀውት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደረጃውን ስንወርድ ትርሲት እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግሯ ትዘል ነበር።

በዚያው ሳምንት ከረጢቱ መጣ። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዩኒፎርም ነው። ኮሌታውን አላጠፍኩም። ስማቸውን አንድ በአንድ እያነበብኩ ሰፋሁ፤ እጄ ከወትሮው ይበልጥ ዘገየ። መንገድ ላይ ሳያቸው በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ሱቅ በር ላይ ቆመው ካገኘኋቸው ውሃ እገዛላቸዋለሁ። ካርዴ «ለምን?» ይለኛል። ስለጠማው፣ እላለሁ።

አሁን መስከረም ነው። በክረምቱ አራተኛ ፎቅ ተጠርተን ነበር። ሴትዮዋ እውነትም ትልቅ ሰው ናቸው፤ አመሰገንኳቸው፣ መለሱልኝ፣ ፋይሉ አምስተኛ ፎቅ ወጣ። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንዳለው ጠይቄ አላውቅም።

ዛሬ የትምህርት መክፈቻ ስለሆነ ትርሲትን እስከ ትምህርት ቤቱ ሸኘኋት። ጉሙ አልተነሳም። አባባ ሀመሶ ከነበርጩማቸው የታዩን አጠገባቸው ስንደርስ ነው። ክረምቱ ትንሽ ጎድቷቸዋል። አንድ ዘይቱን ለትርሲት፣ አንድ ለእኔ ዘረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ትርሲት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አልኩ እኔ። ሰኔ ላይ ሳልላቸው ለሄድኩትም ጭምር ነበር።

«አብሮ ይስጠን» አሉ።

ከትርሲት ደረትና ከእኔ ቦርሳ እኩል «ማን ይስጥልሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። እዚያው ቆመን ዘይቱናችንን በላን። ፍሬው ዘንድሮ ጣፍጧል።

ዘይቱኑ አርባ ሦስት ሆኗል። ከፋዩ እስካሁን አልመለሰም፤ እኛም አላስቸኮልነውም።